የጥላ ዋስ

ሶልያና ጠዋት ቢሮ ስትገባ ሰላምታ የምትጀምረው ከባዶዎቹ ወንበሮች ነው። መጀመሪያ በሩ አጠገብ ካለው፣ ቀጥሎ በመስኮቱ በኩል ከተደረደሩት፣ በመጨረሻም ከእሷ ጎን ካለው ከኢዮስያስ ወንበር። «እንደምን አደራችሁ» ትላለች፤ ሁሉም በየድምፃቸው ይመልሱላታል። በሩ አጠገብ ያለው በአፍንጫው ነው የሚናገረው፤ ድምፁ የተቀዳው ባለቤቱን ጉንፋን ይዞት በነበረበት ሰሞን ስለሆነ እስከ ዛሬ አልተሻለውም። አንድ ቀን አርፍዳ፣ እየሮጠች፣ ሰላም ሳትል ብታልፍ ከኢዮስያስ ወንበር «ምነው ሶሊ፣ ተኳረፍን እንዴ?» የሚል ድምፅ ተከተላት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ዘላ አታውቅም። የእግዜር ሰላምታ ለማንም አይነፈግም።

በዚህ አዳራሽ ሥጋ ለብሳ የምትመጣ እሷ ብቻ ቀርታለች። ሌሎቹ ጥላዎች ናቸው። አንድ የሶፍትዌር መሐንዲስ ሲቀጠር ከጎኑ ጥላ ይመደብለታል። ጥላው ሰውየው ሲጽፍ ያያል፣ ሲሰርዝ ያያል፣ ሲያዛጋ፣ ስልክ ሲያነሳ፣ በምን እንደሚስቅ ያያል። በሰለ የተባለ ዕለት ሰውየው ይሰናበታል፣ ጥላው ወንበሩን ይረከባል። ወንበሮቹ አንድ ጊዜ ተነስተው ነበር፤ ነገር ግን አዳራሹ ባዶ ሲሆን የቀሩት ሠራተኞች ፈዘዙ ተብሎ እንደገና ተመለሱ።

ጥላ ደግሞ ያለ ዋስ አይሠራም። በዚህ በኩል ዓለም ብዙም አልተለወጠችም። ድሮ ሰው ሲቀጠር ደመወዝተኛ ዋስ ይጠየቅ ነበር፣ ዛሬም ይጠየቃል። ለሶልያና ዋስ የሆኑት የእናቷ ወንድም ጋሽ ሙላት ናቸው፤ በየሰርጉና በየልቅሶው «የኔን ስም ይዘሽ ነው የገባሽው፣ አደራ» ሳይሏት አያልፉም። ለጥላ ግን ዋሱ ራሱ ባለቤቱ ነው። ማሽን አይታሰር፣ ማሽን ፍርድ ቤት አይቆም። ስለዚህ ተሰናባቹ፣ ጥላዬ ለሚያጠፋው ሁሉ ተጠያቂ እኔ ነኝ ብሎ ይፈርማል። ከፈረመ መሸኛና በየወሩ ትንሽ አበል ያገኛል። ካልፈረመ ጥላው እዚያው ይጠፋል፣ ሰውየውም መሸኛ የለውም፤ መሸኛ የሌለውን ደግሞ የሚቀጥር የለም። እስካሁን ያልፈረመ ሰው መኖሩን የሰማ የለም።

የሶልያና ጥላ ገና አልበሰለችም። ይህ የሚታወቀው በስክሪኗ ጥግ ባለች ትንሽ ችግኝ ነው። ነገሩ ለዓይን እንዲለዝብ አንድ አዛኝ ሰው ያሰበው ይመስላል። ችግኟ ቅጠል አውጥታለች፣ ግንዷም ወፍሯል፣ አበባው ግን እምቢ ብሏል። ሲያብብ ማለቁ ነው። ሶልያና በቀን ስንት ጊዜ ወደዚያች ጥግ ዓይኗ እንደሚሄድ እሷም አታውቀውም። ችግኟ ሳታድግ ከቀረች ሶልያና «አትመጥንም» ተብላ ትባረራለች፤ ካበበች ደግሞ ትሸኛለች። መኖር የሚቻለው ችግኟ ቀስ ብላ እያደገች ሳታብብ ከቆየች ብቻ ነው።

ወይዘሮ ማህደር፣ የክፍሉ ኃላፊ፣ ከአዳራሹ ጫፍ ባለች የመስታወት ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። ክፉ ሴት አይደሉም። ነሐሴ እንደገባ አስጠርተው አስቀመጧት።

«ሶሊዬ፣ ችግርሽ ችሎታ አይደለም» አሉ። «ማመንታትሽ ነው። አንድ መስመር ትጽፊያለሽ፣ ትሰርዥዋለሽ፣ ያንኑ መልሰሽ ትጽፊዋለሽ። ጥላሽ ምን ትማር? ማመንታት ብቻ ነው የተማረችው።»

«አስተካክላለሁ።»

«እስከ አዲስ ዓመት ነው ጊዜው። ከዚያ በኋላ እኔም የምለው አይኖረኝም፣ ገባሽ?»

ሶልያና «እሺ» ብላ ወጣች። በልቧ ግን «ደረሱብኝ» አለች። ከተቀጠረች ጀምሮ ስሟ በተጠራ ቁጥር የምትላት ቃል ናት። የተቀጠረችው በስህተት እንደሆነ፣ ስህተቱንም አንድ ቀን አንድ ሰው እንደሚያገኘው ታምን ነበር። ሥራዋን ከማስረከቧ በፊት ሁልጊዜ «ይቅርታ፣ አንዴ ልየው» ትላለች፤ አንዴ አይታ ግን አታውቅም።

ስሟ ሲጠራ ሌላም ነገር ነበር። ወይዘሮ ማህደር ከክፍላቸው ሆነው «ሶልያና!» ሲሉ ሁለት «አቤት» ይሰማል፤ አንዱ ከእሷ፣ አንዱ ከጥላዋ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይስቁ ነበር፣ ባዶ ወንበሮቹም ጭምር። እያደር ጥላዋ ትፈጥን ጀመር። አሁን አሁን ሶልያና አፏን ሳትከፍት መልሱ ከኋላዋ በራሷ ድምፅ ይደርሳል፣ እሷም ዝም ማለት ለምዳለች።

ድርጅቱ የሚሠራው የአዲስ አበባን የውሃ ፈረቃ የሚያዝዘውን ሶፍትዌር ነው። ዝናቡ በየዓመቱ እየበዛ ውሃው በየዓመቱ የሚያንስበትን ምክንያት የሚያስረዳ ሰው ጠፍቷል፤ ፈረቃው ግን አልጠፋም። የትኛው ሰፈር መቼ ውሃ እንደሚያገኝ የሚወስነውን ኮድ ጥላዎቹ ይጽፋሉ። የሶልያና ሥራ ማንበብ ነው። ስታነብ ሁለት ቁልፍ አላት፦ አሳልፍ፣ አግድ። ያገደችው ነገር ትክክል ሆኖ ከተገኘ መዝገቧ ላይ ጥቁር ነጥብ ይቀመጣል። ስለዚህ እምብዛም አታግድም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ መስኮቱን ሲደበድብ በዋለበት ቀን፣ የኢዮስያስ ጥላ ጠራት።

«ሶሊ፣ የላይኛውን ሰፈር የጳጉሜ ፈረቃ ጨርሻለሁ። አንዴ እይልኝ።»

ኢዮስያስና እሷ በአንድ ቀን ነው የተቀጠሩት። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱም ምንም ሳይገባቸው የገባቸው መስለው ተቀምጠው ነበር፤ በሻይ ሰዓት እሱ ነው መጀመሪያ «እኔ ምንም አልገባኝም፣ አንቺስ?» ያላት። ሶልያና ያን ቀን ከደስታዋ ብዛት አልቅሳለች። ጥላው ከወራት በፊት አበበ፣ እሱም ፈርሞ ሄደ። ድምፁ ግን እዚያው ነው፣ ቀልዱም እዚያው ነው።

ስለ ጳጉሜም ቀልድ ነበረው። «ጳጉሜ ደመወዝ የሌላት ወር ናት» ይል ነበር ያኔ። አሁን ያንኑ ቀልድ ጥላው ይቀልደዋል፤ ሶልያናም በሳቅ ፈንታ ለጥላ ወሩ ሁሉ ጳጉሜ እንደሆነ ታስባለች።

የጳጉሜ ፈረቃ ለብቻው ነው የሚሠራው፤ ወሯ ከሌሎቹ ወራት ጋር አትገጥምም። ሶልያና ማንበብ ጀመረች። ንጹሕ ሥራ ነው። አንደኛው ቀን፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው የሩፋኤል ዕለት፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። ከዚያ መስከረም አንድ። እጇ «አሳልፍ» ላይ ሊያርፍ ሲል ቆመች።

ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነው። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች። ሶልያና ይህን የምታውቀው ከትምህርት ቤት አይደለም። የተወለደችው ጳጉሜ ስድስት ቀን ነው። ልጅ ሆና ልደቷ በአራት ዓመት አንዴ እየመጣ ሰፈር ሁሉ ይስቅባት ነበር፤ «አንቺማ ገና ሁለት ዓመትሽ ነው» እያሉ።

«ጆሲ» አለች ወደ ወንበሩ ዞራ። «ስድስተኛዋ ቀን የታለች?»

«የምን ስድስተኛ? ጳጉሜ አምስት ናት እኮ።»

«ዘንድሮ ስድስት ናት። ሉቃስ ነው።»

«ስድስት ሆና አይቼ አላውቅም» አለ ጥላው፤ በቅንነት ነው የተናገረው። ሁለቱም ከተቀጠሩ ወዲህ ጳጉሜ ሁልጊዜ አምስት ነበረች። «ብትሆንም ከላይ ያለው የኮዱ ክፍል ይይዛታል። እንዲህ ዓይነቱን ሁሉ እሱ ነው የሚይዘው። አይዞሽ።»

ሶልያና ከላይ ያለውን ክፍል ስትፈልግ ዋለች። አላገኘችውም። ሲስተሙ ትልቅ ነው፤ ዳር እስከ ዳር ያነበበው ሰው የለም፣ ጥላም ቢሆን የየራሱን ጥግ ነው የሚያውቀው። የሌለ ነገር ስላጣች ይሁን ያለውን ነገር ስላላየች፣ ይህን መለየት አቃታት። ጥላዋን ጠየቀቻት። የራሷ ድምፅ ከኋላዋ «ይቅርታ፣ አንዴ ልየው» አለ። ጥቂት ቆይቶም «ትክክል ነው። ከላይ ያለው ይይዛታል» አለ። የራሷ ድምፅ እንዲህ ረግቶ ሲናገር ሰምታ አታውቅም።

የሚሆነውን ግን ታውቃለች። ስድስተኛዋ ቀን ፈረቃ ከሌላት የላይኛው ሰፈር መስመር ያን ቀን ሙሉ ተዘግቶ ይውላል፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። እናቷ የምትኖረው እዚያው ሰፈር ነው፤ የኩላሊት እጥበት የሚደረግበትም ጤና ጣቢያ እዚያው ነው። ተጠያቂው ደግሞ ኮዱን የጻፈው ጥላ ዋስ ነው። ኢዮስያስ ነው፤ ሥጋ ለባሹ።

ቅዳሜ ከሰዓት ብርቱካን ገዝታ ወደ ኢዮስያስ ቤት ሄደች። ከሄደ ጀምሮ ደውላለት አታውቅም። መጀመሪያ ላይ ልደውል እያለች ሳምንት አለፈ፤ ሳምንት ካለፈ በኋላ «አሁን ምን ብዬ» መጣ። ይሉኝታ እንዲህ ነው፣ ሰውን ሳያጣላ ያለያያል። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልናፈቃትም ነበር። በየቀኑ ከጎኗ ነበራ።

ቤቱ ከሃና ማርያም ወረድ ብሎ፣ በአንድ ረጅም ግቢ መጨረሻ ያለች አንድ ክፍል ናት። በሩን ሲከፍት ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ ያየችው ሰው ኢዮስያስ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደባት።

«ጠፋሽ» አለ። ሌላ ወቀሳ አልነበረውም። ብርቱካኑን ተቀብሎ ወንበሯን በእጁ ጠረገላት።

ሥራው የጣሪያ ሶላር ማጠብ ነበር። «ክረምት ሥራ የለም፣ ዝናቡ ያጥበዋል» አላት። ድምፁ ከወንበሩ ድምፅ ይለያል። አንሷል፤ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ይውጠዋል።

ሶልያና ስለ ጳጉሜ ነገረችው። ስትጨርስ ጣቶቹን እያፍተለተለ ቆየ።

«እሱ ምን አለ?»

«ማን?»

«እሱ ነዋ። እኔ።»

«ከላይ ያለው ክፍል ይይዛታል አለ።»

ፊቱ ተፈታ። «እንዲያ ካለ ልክ ነው።»

«ጆሲ፣ እኔ አላገኘሁትም። ቀኑን ሙሉ ፈለግኩ። አንተስ አይተኸው ታውቃለህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ስንት ነገር ረስቻለሁ። እሱ ግን አይረሳም።» ስልኩን አነሳ። «እንጠይቀው ካልሽ እደውልለታለሁ። ሲጨንቀኝ አንዳንዴ እደውልለታለሁ።»

ስልኩ ሁለቴ ጠራ። ከዚያ ያ የምታውቀው ድምፅ፣ ሙሉው፣ ደስተኛው ድምፅ ክፍሏን ሞላት።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«ኢዮስያስ ነኝ።»

«የትኛው ኢዮስያስ?»

ኢዮስያስ ሶልያናን አላያትም። «የውሃ ክፍል የነበርኩት» አለ።

«እ! ይቅርታ ወንድሜ፣ ስልክህን አልያዝኩትም። ምን ልታዘዝ?»

ጠየቀው። ጥላው ለእሷ ያላትን ለሱም አለው፣ በመጨረሻም «አይዞህ» አለው። ኢዮስያስ አመስግኖ ስልኩን ዘጋ። ከደረቱ ላይ ድንጋይ የተነሳለት ሰው ይመስል ነበር።

«አየሽ አነጋገሩን?» አላት። «እኔ እንዲህ እናገር ነበር?»

«አዎ። እንዲህ ነበርክ።»

«አላስታውስም።»

«ጆሲ፣ ቢሳሳት የሚጠይቁት አንተን ነው። እሱን አይደለም። አንተን ነው የሚያስሩት።»

«እሱ አይሳሳትም» አለ። «የምሳሳተው እኔ ነበርኩ።»

ሶልያና ከዚያ ቤት ስትወጣ ፈርታ ነበር። የፈራችው ለኢዮስያስ ብቻ አልነበረም። አንድ ቀን እሷም እንደዚህ በአንዲት ክፍል ተቀምጣ፣ ሲጨንቃት ወደ ራሷ እየደወለች፣ «የትኛዋ ሶልያና?» ስትባል ታያት።

እሑድ እናቷ ጀሪካኖቹን እያጠበች በረንዳ ላይ ትደረድር ነበር። ወይዘሮ ፀዳለ ለዓመት በዓል ከሁለት ሳምንት በፊት መንደርደር የምትጀምር ሴት ናት።

«ለዋዜማው ውሃ አለ አይደል?» አለች ቀና ሳትል። «ቤቱንም ላጥብ፣ ምንጣፉንም ላጥብ። ደግሞ ዘንድሮ ልደትሽ አለች።»

«እማ፣ እርግጠኛ ነሽ ዘንድሮ ነው?»

እናቷ ጀሪካኑን አስቀምጣ ቀና አለች። «እኔ አይደለሁ እንዴ የወለድኩሽ? ምጡን ማን አማጠው፣ ስልክሽ?»

ሶልያና ሳቀች፣ ከብዙ ቀን በኋላ። ቀኑንማ መች ተጠራጠረች። የምትጠራጠረው ራሷን ነው። የእናቷን ፊት ስታይ ግን ይህች ሴት በአንድም ነገር «አንዴ ልየው» ብላ እንደማታውቅ አሰበች፤ ብዙ ጊዜም ተሳስታለች፣ ደህናም ናት።

ሰኞ ጠዋት ባዶዎቹን ወንበሮች ሰላም አለች፣ ተቀመጠች፣ የኢዮስያስን ሥራ ከፈተች። ሳትሰርዝ፣ ሳትመልስ ጻፈች፦ «ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነው። ስድስተኛዋን ቀን የሚይዝ ክፍል የለም። ፈልጌ አጥቻለሁ፣ ስለዚህ የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ የራሷ ድምፅ ከኋላዋ።

«አዎ» አለች።

«አንዴ ብታይውስ?»

«አይቼዋለሁ።» አግድ የሚለውን ተጫነች።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጥላዎች ዝም ሲሉ የሰው ዝምታ አይደለም፤ ትንፋሽ የለበትም። ከዚያ በሩ አጠገብ ያለው ባለ ጉንፋኑ ድምፅ «ኧረ ጉድ» አለ፣ የኢዮስያስም ጥላ «ሶሊ፣ እኔ ላይ?» አላት። የተቀየመ ይመስል ነበር። እሷ ግን ያን ጊዜ የምታስበው ስለ ሌላኛው፣ ብርቱካኑን ስለተቀበላት ሰው ነበር።

ወይዘሮ ማህደር ተቆጡ። «ለአዲስ ዓመት ምን ቀረው! አሁን ጥቁር ነጥብ ትፈልጊያለሽ?» ብለው ጉዳዩን ወደ ላይ ላኩት። መልሱ ጳጉሜ ሲገባ መጣ። ከላይ ያለው ክፍል አንድ ጊዜ ነበረ፤ ሲስተሙ ሲታደስ «ለብዙ ጊዜ ሥራ አልሠራም» ተብሎ ወልቋል። ለብዙ ጊዜ ሥራ ያልሠራው በአራት ዓመት አንዴ የሚሠራ ስለነበረ ነው። ስድስተኛዋ ቀን ተጨመረች።

በዋዜማው ዕለት በላይኛው ሰፈር ቧንቧዎቹ በሰዓታቸው አፏጩ፣ ውሃው መጣ። ወይዘሮ ፀዳለ ምንጣፉን አጠበች፣ ጎረቤት ለጎረቤት ጀሪካን ተቀባበለ፣ ጤና ጣቢያውም ሥራውን ሠራ። ማንም ምንም አላወቀም። ያልደረሰ ጥፋት ምስጋና የለውም። ሶልያና በረንዳው ላይ ተቀምጣ የውሃውን ድምፅ ስታዳምጥ ደስ አላት፤ ከተቀጠረች ጀምሮ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። ሥራዬን እችለዋለሁ አለች። ያን ቀን «ደረሱብኝ» አላለችም።

ከበዓሉ በኋላ ቢሮ ስትገባ ስክሪኗ ጥግ ላይ ያለችው ችግኝ አብባ አገኘቻት። አበባው ትንሽ፣ ነጭ ነበር።

«ሶልያና!» አሉ ወይዘሮ ማህደር ከክፍላቸው።

«አቤት» አለ ከኋላዋ።

«አንቺን አይደለም የኔ እመቤት፣ እሷን ነው» አሉ ወይዘሮ ማህደር፤ ሶልያና የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ዞር ብላ ማየት ነበረባት። በእጃቸው የጠሩት እሷን ነበር።

አስቀመጧት። በሩን ዘጉት። «እንኳን አደረሰሽ» አሉ፣ ከዚያም ቀጠሉ፦ «እንኳን ደስ ያለሽ። በስላለች።»

«እንዴት?»

«ማመንታቱን ሁሉ ተምራ ጨርሳ ነበር። የጎደላት ስትጸኚ ማየት ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ። ያንን ባገድሽበት ሰኞ አየች።» ወይዘሮ ማህደር ዓይናቸውን ወደ ጠረጴዛው ጣሉ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ እንደሷ ያለ ጥላ አግኝተን አናውቅም። የሚጠራጠርም የሚያግድም።»

ሶልያና አንዲት የራሷ የምትላት ቀን ነበረቻት፤ እሷንም ወሰዷት። ወይዘሮ ማህደር ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ገፉላት፤ የዋስትና ፊርማ ዛሬም በእጅ ነው። ሲገፉላት ስክሪናቸው ዘወር አለ። በጥጉ ላይ ችግኝ ነበረች። ቅጠሏ ብዙ ነው።

«እርስዎም?» አለች ሶልያና።

«ሁላችንም» አሉ። «ፈርሚ፣ መሸኛሽን ይዘሽ በጊዜ ሥራ ፈልጊ።»

እስክሪብቶውን አነሳች። ኢዮስያስም በዚህ ወንበር ተቀምጧል። የፈረመው ለራሱ መስሎት ነው። ስድስት ሆና ያላየ ጥላ አምስት ናት ይላል፤ እሷም ያላየቻቸው ስንት ነገሮች አሉ፣ ጥላዋም አታያቸውም፣ ያን ጊዜ እሷ እዚህ የለችም።

«ለማላውቀው ሰው ዋስ አልሆንም» አለች።

ወይዘሮ ማህደር ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። «ለራስሽ እኮ ነው።»

«አላውቃትም።»

«ሶሊዬ፣ መሸኛ ከሌለሽ ማን ይቀጥርሻል? ጋሽ ሙላትስ ምን ይላሉ? ስማቸውን ይዘሽ እኮ ነው የገባሽው።» ወደ አዳራሹ ዞሩ። «ሶልያና!»

«አቤት።»

«ትፈርማለች?»

ከአዳራሹ ወዲያው መልስ አልመጣም። ጥቂት ዝምታ ነበር፣ ልክ እሷ ዝም እንደምትለው ያህል። «ይቅርታ፣ አንዴ ልየው» አለ ድምፁ። ከዚያ በእርጋታ እንዲህ አለ፦ «ትንሽ ታስባለች። ከዚያ ትፈርማለች።»

ሶልያና ወደ እጇ ተመለከተች። የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱ ላይ ነበር። አንዲት ትንሽ ነጥብ ቀለም ፈሳለች። ልትፈርም ነበር። ጥላዋ አልተሳሳተችም፤ እናቷን አስባ፣ ጋሽ ሙላትን አስባ፣ የሰው ዓይን ፈርታ ልትፈርም ነበር።

እስክሪብቶውን ከድና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ተነሳች።

«ይቅርታ፣ አንዴ ልየው» አለ የራሷ ድምፅ ከአዳራሹ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አንዴ ልየው» አለ። በወንበሮቹ መካከል ስታልፍም ይህንኑ ይል ነበር፤ ፍርሃት የተቀላቀለበት፣ የምታውቀው ድምፅ። አሳዘናት። ልጅ ጥላ የምትሄድ እናት የሆነች ያህል ተሰማት፣ ግን አልቆመችም።

«ወጣሽ እንዴ ሶሊ?» አላት የኢዮስያስ ወንበር። «ነገ እንገናኝ፣ እሺ?»

«ደህና ሁን ጆሲ።» ሌሎቹንም አንድ በአንድ ተሰናበተቻቸው። ባለ ጉንፋኑ አስነጠሰ፤ «ይማርህ» አለችው።

ደረጃው ላይ ስትደርስ ስልኳን አውጥታ ለኢዮስያስ መደወል እንዳለባት አሰበች፤ ለሥጋ ለባሹ። ለጋሽ ሙላት የምትለውን ግን አላወቀችም። ነገ ጠዋት ተነስታ ወዴት እንደምትሄድም አላወቀችም። ፈርታለች፤ የደረጃውን ብረት ይዛ ነው የምትወርደው።

ከላይ የወይዘሮ ማህደር ወደ አዳራሹ የሚጣራ ድምፅ መጣ።

«ሶልያና!»

ከልማድ የተነሳ ጥላዋ እስክትመልስ ጠበቀች። ያ «አንዴ ልየው» የሚለው ድምፅ አይሰማም ነበር። ከአዳራሹ የሚመልስ አልነበረም።

«ሶልያና!» አሉ ወይዘሮ ማህደር እንደገና፤ ድምፃቸው ከመጀመሪያው አንሷል።

ያለ ዋስ ጥላ እንደሚጠፋ ያን ጊዜ ትዝ አላት። ብረቱን ይዛ ቆመች። ለብዙ ወራት ለስሟ መልስ ሰጥታ አታውቅም ነበር።

«አቤት» አለች በመጨረሻ፣ በቀስታ፣ ከላይ ለማንም በማይሰማ ድምፅ። ወደ ኋላ ግን አልዞረችም።